ከሞጆ አዲስ አበባ መሃል ሳይቀይሩ በባቡር፦ ይቻላል ወይ? ማንስ ያጥናው?

ሞጆ ሃዲድ አላት፣ ጣቢያ አላት፣ ከአዲስ አበባ ያላት ርቀትም 75 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ግን ደረቅ ወደብ ሲሰራ ውሎ ማታ መገናኛ ወይም ፒያሳ የሚገባ ሰው ዛሬም አይኑ ሚኒባስ ላይ ነው። ለምን? አጭሩ መልስ፦ ባቡሩ ከተማው መሃል አይገባም። ረዘም ያለውን ደግሞ ከታች ያንብቡ።

"ያለ ቅያሪ" ምን ማለት ነው?
የምልልስ ባቡር ጠዋት ሰራተኛ ይዞ ገብቶ ማታ የሚመልስ ባቡር ነው። "ያለ ቅያሪ" ከሆነ ደግሞ አንዴ የተሳፈረ ሰው መድረሻው ላይ ብቻ ይወርዳል። መሃል ላይ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ሂሳብ የለም። ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያደክመው ርቀቱ ሳይሆን እነዚህ ቅያሪዎች ናቸው።

ድሮ ነበር እኮ!
የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ማረፊያው ለገሃር ሆነ። ስሙ ራሱ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ከሞጆ የተሳፈረ ሰው ከተማው መሃል ይወርድ ነበር።

አሁንስ?
አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ስራ የጀመረው በታህሳስ 2010 ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው 115 ኪሎሜትር ገደማ ጥንድ ሃዲድ ነው፤ ማለትም ሂያጁና መጪው ባቡር አይጠባበቁም። ለምልልስ ባቡር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ የአዲስ አበባው የመንገደኛ ጣቢያ ከተማው ዳር፣ ፉሪ ለቡ ላይ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ታክሲ ነው።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ስራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ደግሞ በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ሁለቱ መስመሮች አይገናኙም።

ቢገናኙስ?
የሃዲዳቸው ስፋት አንድ ነው፦ 1.435 ሜትር። ኤሌክትሪኩ ግን ይለያያል። ቀላል ባቡሩ በ750 ቮልት ዲሲ፣ ትልቁ በ25,000 ቮልት ኤሲ ነው የሚሄደው። የአንዱ ባቡር በሌላው መስመር ዝም ብሎ መግባት አይችልም።

መፍትሄ የሌለው ነገር ግን አይደለም። የጀርመኗ ካርልስሩህ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በሁለት አይነት ኤሌክትሪክ የሚሰራ ባቡር ከገጠር ከተማ አንስታ መሃል ከተማ ታስገባለች። በፈረንሳይዋ ሙሉዝ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ባቡር የሚጠቀመው ደግሞ ልክ የእኛኑ ሁለት ቮልቴጆች ነው።

ስለዚህ የሚጠኑ 3 አማራጮች አሉ፦
1. ሁለቱን መስመር አገናኝቶ በሁለቱም ኤሌክትሪክ የሚሰራ ባቡር መግዛት
2. ትልቁን መስመር በአዲስ ሃዲድ ወደ መሃል ከተማ ማስገባት
3. ቀላል ባቡሩን ከትልቁ ጣቢያ ማድረስ። ይሄ ቅያሪውን አያስቀርም፤ ግን ወደ አንድ ዝቅ ያደርገዋል

ጭነቱስ?
የሞጆ ዋና ጥያቄ ይሄ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር በብዛት የሚራገፈው እዚሁ ደረቅ ወደብ ነው። ጠዋት ጠዋት የመንገደኛ ባቡር ሲጨመር የጭነቱ ሰዓት ይነካል። ጥናቱ ሁለቱንም ካልቆጠረ ግማሽ ጥናት ነው።

ህግ ለምን አስፈለገ?
ምክንያቱም ጉዳዩ የብዙ ሰው ነው፤ ስለዚህ የማንም አይደለም። በህገ መንግስቱ አንቀጽ 51(9) ክልሎችን የሚያገናኝ ባቡር የፌደራል መንግስት ስልጣን ነው። መስመሩን የሚያስተዳድረው ኩባንያ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ነው። ሞጆ ኦሮሚያ ውስጥ ናት፤ መድረሻው አዲስ አበባ ነው። ሁሉም የራሱን ቁራጭ ነው የሚያየው።

ጥናት የሚያዝ ህግ ባቡር አይገዛም፣ ሃዲድም አይዘረጋም። ማን ያጥና፣ በስንት ወር ይጨርስ፣ ውጤቱ ለህዝብ ይውጣ ብሎ ግዴታ ይጥላል። ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ህግ ፕሬዝዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ፤ ባይፈርሙም ስራ ላይ ይውላል።

ግን ጥናት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ በራሪታን ቫሊ መስመር ወደ ኒውዮርክ የሚሄድ ሰው በብዛት ኒውአርክ ላይ ባቡር ይቀይራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳያስቀይሩ የሚያስገቡ ጥቂት ጉዞዎች ተጀምረው ነበር፤ በ2018 ቆሙ። የተጀመረ ነገር እንኳን እንዲህ ይቆማል።

በአካባቢዎ የተመረጠውን የምክር ቤት አባል ሲያገኙ እነዚህን 3 ነገሮች ይጠይቁ፦
ከሞጆ መሃል አዲስ አበባ ጠቅላላ ጉዞው ስንት ደቂቃ ይሆናል?
ትኬቱ ከሚኒባስ ጋር ሲነጻጸር ስንት ይሆናል?
የመጨረሻው ባቡር ማታ በስንት ሰዓት ይነሳል?

የማታ ፈረቃ ለሚሰራ ሰው ሶስተኛው ካልተመለሰ የቀሩት ሁለቱ ብዙም አይጠቅሙትም።