በመሪ ውስጥ የተደበቀ ባሩድ፤ የመኪና መከላከያ ከረጢት ታሪክና ወደ ቆቦ የመጣበት መንገድ

ባሩድ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው በቆቦና በራያ ቆላ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አያቶች ውጅግራና ምንሽር ይዘው አልፈዋል፤ በሠርግም በለቅሶም ተኩስ ይሰማል። የቅርቡንም ዘመን ያየን እንደ ሆነ፥ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እንደገና የተቀሰቀሰው በዚሁ በቆቦ አካባቢ ስለ ነበረ፥ የባሩድን ሽታ ሕፃናት እንኳ ለይተው ያውቁታል። ይሁን እንጂ ከወልድያ ተነሥተው በጎብዬና በሮቢት በኩል ቆቦን አቋርጠው ወደ አላማጣ ከሚያልፉት መኪናዎች መካከል፥ በመሪያቸው ውስጥ ትንሽ ፈንጂ ይዘው የሚጓዙ እንዳሉ በመናኸሪያው ለተሰበሰቡ ሾፌሮች በነገርናቸው ጊዜ ሳቁብን። አንደኛው፥ «እንዲያማ ከሆነ ኬላ ላይ ስንፈተሽ እንዴት ሳይያዝ ቀረ?» አለን።

ጥያቄው ለቀልድ የተጣለ ቢሆንም ቁም ነገር አለበት። ፈንጂው ከመኪናው አካል እንደ አንዱ ተቆጥሮ ያልፋል እንጂ ማንም ለብቻው አይመረምረውም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ያሰብነው ይህ ትንሽ ፈንጂ ከየት እንደ ተነሣ፥ በምን መንገድ ወደ ቆቦ እንደ ደረሰና በመንገድ ላይ ከእርሱ ጋራ ሊመጣ ሲገባው የቀረው ምን እንደ ሆነ ለመመርመር ነው። መካኒኮቻችን «ኤርባግ» የሚሉትን ዕቃ እኛም አንዳንድ ጊዜ እንደ እነርሱ፥ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከረጢት እያልን እንጠራዋለን።

አሠራሩን ለራያ ሰው ለማስረዳት ከጠመንጃ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ጠመንጃ ቃታ አለው፤ ቃታው ሲሳብ መቺው ካፕሱሉን ይመታል፤ ካፕሱሉ ባሩዱን ያቀጣጥላል፤ ከባሩዱ የሚወጣው ጢስ እርሳሱን ገፍቶ ያስወጣል። በመኪናውም ውስጥ ነገሩ ይህንኑ ይመስላል። ቃታው ግጭትን የሚያውቅ መሣሪያ ነው። ካፕሱሉ በኤሌክትሪክ የምትግል ቀጭን ሽቦ ናት። ባሩዱ በብረት ጣሳ ውስጥ የታሸገ፥ እንደ ክኒን የተጠፈጠፈ ነዳጅ ነው። ልዩነቱ በመጨረሻው ላይ ነው፤ ጢሱ የሚገፋው እርሳስን ሳይሆን ታጥፎ የተቀመጠ ከረጢትን ነው። ይህ ሁሉ ተጀምሮ የሚያልቀው ከአንድ ሴኮንድ ሺህ እጅ ከ30 እስከ 50 በሚሆነው ጊዜ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ዓይን ከመርገቡ በፊት ከረጢቱ ተነፍቶ ይጠብቃል፤ ወዲያውም በጀርባው ባሉት ቀዳዳዎች ይተነፍሳል። ቀበቶውንም በግጭት ጊዜ ወደ ኋላ ስቦ ሰውየውን ከወንበሩ ጋራ የሚያጣብቅ፥ ከዚህ ያነሰ ሌላ ፈንጂ በብዙ መኪናዎች ላይ አለ።

የሐሳቡ መነሻ ግን ባሩድ አልነበረም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዘመናት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1952 ጆን ሄትሪክ የሚባል አሜሪካዊ ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ይዞ በፔንስልቬንያ ሲነዳ፥ ከኮረብታው ማዶ ድንጋይ ገጠመውና ለመሸሽ ሲል ቦይ ውስጥ ገባ። እርሱም ሚስቱም በዚያች ቅጽበት እጃቸውን በልጃቸው ፊት ዘርግተው ነበር። ሰውየው በባሕር ኃይል ሲሠራ አንድ ቶርፔዶ በጥገና ላይ ሳለ በውስጡ የታመቀው አየር አምልጦ የሸራ ሽፋኑን እስከ ጣራ ሲያጎነው ማየቱን አስታውሶ፥ የወላጅ እጅ የሚሠራውን ሥራ የሚሠራ ከረጢት ነደፈ፤ በ1953ም የፈጠራ መብት ተሰጠው። በጀርመንም ዋልተር ሊንደረር የሚባል ሰው በ1951 ተመሳሳይ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። ሁለቱም ያሰቡት በታመቀ አየር ነበርና አልሆነላቸውም። የታመቀ አየር ከረጢቱን በሚፈለገው ፍጥነት አይሞላውም፤ ሰውየው ከመሪው ጋራ ከተጋጨ በኋላ የሚደርስ መከላከያ ደግሞ ምን ይጠቅማል?

ባሩድን ወደዚህ ጉዳይ ያስገባው ጃፓናዊው ያሱዛቡሮ ኮቦሪ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈንጂ በሚያወጣው ጋዝ የሚነፋ ከረጢት አሰበ። ሐሳቡ በብዙ አገር የፈጠራ መብት ቢያገኝም፥ እርሱ በ1975 ሲሞት ሥራው ገና በሰፊው አልተሠራበትም ነበር። በአሜሪካ አለን ብሪድ በ1960ዎቹ መጨረሻ፥ በቱቦ ውስጥ በማግኔት የተያዘች የብረት ኳስ በግጭት ጊዜ ተላቃ ወደ ፊት በመሮጥ ኤሌክትሪኩን የምታገናኝበትን ርካሽ ቃታ ሠራ። በዚያው ዘመን ጆን ፒትዝ ሶዲየም አዛይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር ከብረት ኦክሳይድ ጋራ አደባልቆ ጠጣር ነዳጅ አገኘ። ሶዲየም አዛይድ ራሱ መርዝ ነው፤ ሲቃጠል ግን የሚያወጣው ናይትሮጂን የምንተነፍሰው አየር ከአምስት እጅ አራት እጅ የሚጠጋው ነው። 130 ግራም ያህሉ ከ60 ሊትር በላይ ጋዝ ይሰጣል። አንድ ጭብጥ ዱቄት ሦስት ጀሪካን ይሞላል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጄኔራል ሞተርስ በ1970ዎቹ ጥቂት መኪናዎችን በዚህ ዓይነት ሸጦ፥ ገዢ ስላነሰ ተወው። መርሴዲስ ቤንዝ በ1980 መጨረሻ ከረጢቱንና በፈንጂ የሚሳበውን ቀበቶ አንድ ላይ በትልቁ መኪናው ላይ አወጣ። የአሜሪካም መንግሥት በ1991 ባወጣው ሕግ መሠረት ከ1998 ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪናዎች ሁሉ ለሾፌሩና ከጎኑ ለሚቀመጠው ከረጢት እንዲኖራቸው ግድ ሆነ። በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ግምት ከረጢቱ እስከ 2017 ድረስ ከ50,000 በላይ ሰዎችን አድኗል። ይኸው መሥሪያ ቤት ግን ከ1990 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ከረጢቱ ራሱ የገደላቸው ከ290 በላይ እንደ ሆኑ ቈጥሯል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ቀበቶ ያላሰሩ ወይም አሳስረው ያልተቀመጡ ነበሩ፤ ሕፃናትም በብዛት አሉበት። በመሪው ላይ የሚጻፈው «ኤስ.አር.ኤስ.» የሚለው ምልክት «ተጨማሪ መያዣ» ማለት መሆኑን ልብ ይሏል። ተጨማሪ የሆነው ለቀበቶው ነው። ቀበቶ በሌለበት ግን የሚጨመርበት ነገር የለም፤ ሰውየው ወደ ፊት ሲወረወር ከረጢቱ ገና እየፈነዳ ያገኘዋል።

አሁን የጥናታችን ዋና ነገር ወደ ሆነው እንመለስ። ሶዲየም አዛይድ መርዝ በመሆኑ ፋብሪካዎች ቀስ በቀስ ትተውት ሌላ ነዳጅ ፈለጉ። ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ፥ በ1933 የተቋቋመና በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የጀመረ፥ በ2000 ገደማ በርካሹ አሞኒየም ናይትሬት ለመሥራት ወሰነ። አሞኒየም ናይትሬት ለገበሬው እንግዳ አይደለም፤ በብዙ አገር ለማዳበሪያ የሚውል፥ በድንጋይ ማውጫ ደግሞ ለማፈንጃ የሚያገለግል ነው። እርጥበትን እንደሚስብ ከማዳበሪያ ጋራ የሠራ ሁሉ ያውቃል። በኤርባጉ ጣሳ ውስጥ ያለው ክኒንም እርጥበት እየሳበ፥ ቀን ሲግል ሌሊት ሲቀዘቅዝ፥ ከዓመታት በኋላ ውስጡ ይቦረቦራል። የተቦረቦረ ክኒን በብዙ ገጹ ስለሚነድ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይነዳል፤ ጣሳው ግፊቱን መቻል ያቅተውና ይፈነዳል፤ ስብርባሪውም ከረጢቱን በስቶ ወደ ሾፌሩ ፊትና አንገት ይወረወራል። መከላከያው ወደ ጠመንጃነቱ ተመለሰ ማለት ነው። በአሜሪካ ብቻ 28 ሰዎች በዚህ ምክንያት መሞታቸው ተረጋግጧል። በዓለም ዙሪያ 100 ሚሊዮን ያህል ጣሳዎች እንዲመለሱ ታዘዘ፤ ኩባንያውም በ2017 ጥፋቱን አምኖ ከሰረ።

ቆቦን ከዚህ ነገር ጋራ የሚያገናኛት ምንድን ነው? መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄደውን ይህን መንገድ ለመኪና ያመቻቹት ጣሊያኖች ከ1928 ዓ.ም. በኋላ በያዙባቸው ጥቂት ዓመታት ሲሆን፥ የጣርማ በርን ተራራ የበሱትም በፈንጂ ነበር። መንገዱ ከወልድያ ወርዶ ሜዳውን ሲይዝ ሾፌሩ ይዝናናል፤ ግራና ቀኙ የማሽላ ማሳ ነው፤ የራያ በሬና ከአፋር በኩል የመጣ ግመል ግን ሳይታሰብ መሐል አስፋልት ይገባል። ያነጋገርናቸው ሾፌሮች ከዳገቱ ይልቅ ሜዳውን እንደሚፈሩት ነግረውናል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ዘገባ በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው መካከል 26.7 የሚሆነው በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞት መገመቱን ስናስታውስ ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚሁ መንገድ ላይ ባጃጁ ከረጢት የለውም፤ ቅጥቅጥ አይሱዙውም አካሉ እዚሁ አገር ተቀጥቅጦ የተሠራ ነውና ለተሳፋሪው ይህን የሚመስል ነገር አልተሰጠውም። ከረጢት ያለባቸው የቤት መኪናዎች፥ ፒክአፖችና ከሚኒባሶቹ አንዳንዶቹ ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በሌላ አገር አገልግለው የመጡ ናቸው። ከጃፓን የወጡ ትናንሽ መኪናዎች ዱባይ ላይ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ፥ ከዚያም በጂቡቲ በኩል ይገቡ እንደ ነበር የታወቀ ነው። መሪ ሲዛወር ዳሽቦርዱ ይፈታል፤ ከረጢቱ በደንቡ ተመልሶ ይገጠም ወይም ሽፋኑ ብቻ ይገጠም ገዢው አይቶ የሚለይበት መንገድ የለም። የቆቦ አየር ከሞላ ጎደል ደረቅ ስለ ሆነ ክኒኑን የሚያበላሸው የእኛ ሙቀት ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን መኪናው ወደ እኛ ሳይመጣ በባሕረ ሰላጤው ዳር በወበቅና በእርጥበት ስንት ክረምትና በጋ እንዳሳለፈ የሚናገርለት የለም።

የጠፋውም ይኸው ነው። በአሜሪካ ወይም በጃፓን የጣሳው ጉድለት ሲታወቅ ፋብሪካው ለመኪናው ባለቤት ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው የሚሄደው ግን በመዝገቡ ላይ ወዳለው ባለቤት ነው። መኪናው ሦስት ጊዜ ተሸጦ፥ ሁለት ባሕር ተሻግሮ ቆቦ ሲደርስ ደብዳቤው ምናልባት ናጎያ ባለ ቤት ደጃፍ ወድቆ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሁለቱም ውሳኔዎች የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ በእኛ ግምት ግን ቀድሞ የገባውን መኪና ዕድሜ ማራዘማቸው አይቀርም። የፈንጂውም ዕድሜ አብሮ ይራዘማል። (አዲስ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከባሩድ ነጻ አይደሉም፤ በብዙዎቹ ላይ በግጭት ጊዜ የባትሪውን ኃይል የሚቆርጥ ትንሽ ፈንጂ አለ።)

በአንድ ጋራዥ ያየነውን ሳንጠቅስ አናልፍም። ከተጋጨ መኪና የወጣ አንድ ያልፈነዳ የመሪ ከረጢት ከአሮጌ ባትሪ አጠገብ ተጥሎ ነበር፤ ከዚያ አምስት እርምጃ ርቆ ወጣቱ ይበይዳል። መካኒኩን፥ «ጋሼ፥ ይህ ይፈነዳል እኮ» ብንለው፥ «ባትሪው ከተነቀለ ምን ያፈነዳዋል?» ሲል መለሰልን። ከመኪናው ላይ ሳለ በከፊል እውነቱን ነው፤ ባትሪውን ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ከመኪናው የወጣ ጣሳ አሁንም የጎረሰ ጠመንጃ ነው፤ የባትሪ ሁለት ጫፍ ቢነካው ይተኩሳል፤ እሳትም ቢያገኘው እንዲሁ። ሌላው የተለመደ ሥራ ደግሞ የኤርባጉ መብራት ሲበራ መብራቱን መንቀል ነው። መብራቱ «ቃታዬ ተበላሽቷል» ብሎ የሚናገር ምስክር ነበር፤ መካኒኩ ምስክሩን ዝም ያሰኛል፤ ገዢውም መብራት ያልበራበትን መኪና ደኅና ነው ብሎ ይገዛል። መካኒኮቹን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም፤ የአንድ አዲስ ጣሳ ዋጋ ከእነርሱ የወር ገቢ ይበልጣል፤ ስለ አሠራሩም በአማርኛ የተጻፈ ነገር በእጃቸው አላየንም።

የመጨረሻውን ያየነው በጋቢና ነው። ከቆቦ ወደ ወልድያ ስንመለስ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ከባሕረ ሰላጤው የመጣ ነበር። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ ጋቢና የክብር ቦታ ነውና ለአራስና ለሽማግሌ ይለቀቃል። በፀሐይ መከላከያው ላይ በዓረብኛ የተጻፈ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ ስላየን፥ ከኋላ የተቀመጡትን ሼኽ እንዲያነቡልን ለመንናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና፥ «ፊቱ ወደ ኋላ የዞረ የሕፃን መቀመጫ በዚህ ወንበር ላይ አታኑር፤ ሞት ወይም ብርቱ ጉዳት ያመጣል ይላል፥ ልጆቼ» አሉ። ሾፌሩ ወረቀቱን ቀና ብሎ አየው። «ሦስት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሲመታኝ ስገለብጠው ኖርኩ፤ ዱዓ መስሎኝ ነበር» አለ። ጎብዬ ስንደርስ መኪናውን ጥግ አስይዞ፥ ሴትዮዋን፥ «እናቴ፥ ልጁን ይዘሽ ወደ ኋላ እለፊ» አላት፤ እርሷም ከክብር ቦታዋ የተነሣች መስሏት ተቀየመች፤ ሼኹ ነገሩን እስኪያስረዷት ድረስ መኪናው ቆመ።