የእጅ ተሃድሶ ሕክምና፦ ከጉዳት በኋላ እጅን ወደ ሥራ መመለስ

የእጅ ተሃድሶ ሕክምና ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ባለው የሰውነት ክፍል ላይ ስብራት፣ የጅማት ወይም የነርቭ መቆረጥ፣ ቃጠሎ ወይም የቆየ ሕመም የደረሰበት ሰው እጁን ዳግም ለሥራ እንዲያበቃ የሚደረግለት ሕክምናና ክትትል ነው። አገልግሎቱን የሚሰጡት በዋናነት የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ የሚሠሩትም ከአጥንትና ከቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ጋር በመቀናጀት ነው።

ብዙ ታካሚዎች ቁስሉ ሲደርቅ ወይም ጀሶው ሲፈታ ሕክምናው እንደተጠናቀቀ ይቆጥራሉ። ነገር ግን አጥንቱ በሚገባ የገጠመ ወይም ጅማቱ በጥንቃቄ የተሰፋ እጅም ክትትል ካልተደረገለት ጣቶቹ ደርቀው ሊቀሩ ይችላሉ። አንድ እጅ 27 አጥንቶች ያሉት ሲሆን፣ ጣቶችን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ጅማቶች በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ እየተንሸራተቱ ይሠራሉ። ከጉዳት በኋላ የሚከሰተው እብጠትና በውስጥ የሚፈጠረው ጠባሳ እነዚህን ክፍሎች እርስ በርስ ያጣብቃል። በመሆኑም ከጉዳቱ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእጁን የወደፊት አገልግሎት ይወስናሉ።

ሕክምናው እንደ ጉዳቱ ዓይነት

*ስብራት፦* በእጅ አንጓ አካባቢ የደረሰ ስብራት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በጀሶ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ካልከለከለ በስተቀር በጀሶው ያልታሰሩትን ጣቶች፣ ክርንና ትከሻ በየዕለቱ ደጋግሞ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። እጁን በአንገት ማንጠልጠያ ብቻ አድርጎ ሳያንቀሳቅስ የሰነበተ ሰው፣ አንጓው ሲድን ትከሻው ደርቆ ሊያገኘው ይችላል።

*የጅማት መቆረጥ፦* በቢላዋ፣ በማጭድ፣ በመስታወት ወይም በማሽን የተቆረጠ ጅማት ከተሰፋ በኋላ እጁ ስፕሊንት በሚባለው መደገፊያ ለ6 ሳምንታት ያህል ይጠበቃል። እንቅስቃሴው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ በባለሙያ መሪነት ይጀመራል። እጁን ጨርሶ አለማንቀሳቀስ ጅማቱን ያጣብቀዋል፤ ያለ ባለሙያ ፈቃድ ዕቃ ማንሳት ወይም መጭመቅ ደግሞ ስፌቱን ይበጥሰዋል። ከባድ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ አይፈቀድም።

*የነርቭ ጉዳት፦* የተሰፋ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚያድግ፣ አንጓው ላይ ነርቩ የተቆረጠበት ሰው የጣቱ ጫፍ ስሜት እስኪመለስ ወራት ይወስድበታል። እስከዚያው ድረስ ጉዳት የደረሰበት እጅ ትኩስ ምጣድ፣ ጀበና ወይም ከሰል ቢነካ ሕመም ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ ሙቀትን በደህናው እጅ መለካትና ጣቶቹን በየዕለቱ በዓይን መመርመር ይገባል።

*ቃጠሎ፦* የቃጠሎ ጠባሳ እየተኮማተረ መገጣጠሚያን አጥፎ የማስቀረት ባሕርይ አለው። ይህንን ለመከላከል እጁ በትክክለኛው አቀማመጥ በስፕሊንት ይያዛል፣ ጣቶቹ በየዕለቱ ይዘረጋሉ፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላም ጠባሳው በቅባት ይታሻል። ጠባሳ ረግቶ እስኪለሰልስ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚወስድ ክትትሉ ረዥም ነው።

*ያለ አደጋ የሚመጣ ሕመም፦* በተለይ ሌሊት አውራ ጣትን፣ አመልካች ጣትንና የመሀል ጣትን የሚያደነዝዝና የሚወጋ ስሜት አንጓ ላይ ነርቭ መታፈኑን ሊያመለክት ይችላል። በአውራ ጣት ግርጌ በአንጓው ጎን የሚሰማና ሕፃን ሲታቀፉ የሚብስ ሕመም ደግሞ በቅርቡ በወለዱ እናቶች ላይ የተለመደ ነው። ሁለቱም በወቅቱ ከታዩ ብዙ ጊዜ በዕረፍት፣ በስፕሊንትና በሥራ አሠራር ማስተካከያ ይሻላሉ።

አፋጣኝ ሕክምና የሚሹ ምልክቶች

ስብራት ወይም ወለምታ ሲደርስ በርካታ ቤተሰቦች በቅድሚያ የሚሄዱት ወደ ወጌሻ ነው። በዚህ ረገድ ከፍተኛው አደጋ በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ ማሰር ነው። እጁ ሲያብጥ ማሰሪያው የደም ዝውውርን ስለሚያግድ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ውጤቱም እንደ ጥፍር ተቆልምሞ የሚቀር ወይም እስከመቆረጥ የሚደርስ እጅ ሊሆን ይችላል። ወድቀው ክርናቸው አካባቢ የተሰበሩ ሕፃናት ለዚህ በይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። የተጠቀለለውም ጀሶ ቢሆን፣ ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ፣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

- ከሰዓት ወደ ሰዓት እየባሰ የሚሄድና በማስታገሻ የማይቀንስ ሕመም፤
- ጣቶች ቀስ ብለው ሲዘረጉ የሚሰማ ብርቱ ሕመም፤
- የጣቶች መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ መገርጣት ወይም መጥቆር፤
- ጣቶችን ማንቀሳቀስ አለመቻል፤
- ትኩሳት፣ መግል ወይም ከማሰሪያው ሥር የሚወጣ መጥፎ ሽታ።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

እጅ እንደተጎዳ ቀለበትና አምባር ከማበጡ በፊት ይውለቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጁ ከልብ ከፍታ በላይ ይደገፍ፤ በእንቅልፍ ጊዜም ትራስ ላይ ይቀመጥ። አዲስ ጉዳት አይታሽ፣ አይጎተት። የታዘዘው እንቅስቃሴ በቀን አንድ ጊዜ በርትቶ ከመሥራት ይልቅ በየጥቂት ሰዓቱ ለአጭር ጊዜ ቢሠራ የተሻለ ነው።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት በአብዛኛው የሚሰጠው በአጠቃላይና በሪፈራል ሆስፒታሎች በመሆኑ፣ በቅድሚያ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ቀርበው የሪፈር ወረቀት ማግኘት ይኖርብዎታል። ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ የራጅ ፊልምዎንና የቀዶ ሕክምና ማስረጃዎን ይያዙ። ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት ሐኪምዎን ሦስት ነገሮች ይጠይቁ፦ የትኛውን መገጣጠሚያ ዛሬ ማንቀሳቀስ እችላለሁ? የትኛውን እስከ መቼ አላንቀሳቅስም? ለፊዚዮቴራፒ መቼና የት ልቅረብ? መኖሪያዎ ሩቅ ከሆነ እንቅስቃሴዎቹን ባለሙያው ፊት ሠርተው ያሳዩ፤ አብሮዎት የመጣ ቤተሰብም ይማር።

ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕክምናውን፣ የመድኃኒቱንና የአስፈላጊ አካል ድጋፎችን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ ይፈጸምለታል። ስለዚህ ጉዳቱ ወዲያውኑ ለአሠሪው እንዲነገርና የሕክምና ማስረጃዎች በሙሉ እንዲቀመጡ ይመከራል። ይህ የክፍያ ጊዜ ሠራተኛው ያለዕድሜው ወደ ከባድ ሥራ ሳይመለስ ተሃድሶውን እንዲያጠናቅቅ ዕድል የሚሰጥ በመሆኑ በአግባቡ ሊጠቀምበት ይገባል።