የመቀሌው ምርጫ፦ ቁጥሩን የወሰነው ማን ነበር?

በ1977 ዓ.ም. መባቻ (እ.ኤ.አ. 1984) የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ነርስ ክሌር በርቺንገር መቀሌ ውስጥ፣ በረኀብ በተጎዱና በረድፍ በተቀመጡ ሕፃናት መካከል ትመላለስ ነበር። የመመገቢያ ጣቢያው በአንድ ጊዜ መቀበል የሚችለው 60 ወይም 70 ሕፃናትን ብቻ ነው፤ የሚጠባበቁት ግን ከ1,000 በላይ ነበሩ።

ማንን ማስገባት ይገባ ነበር? የሥነ ምግባር ፍልስፍና ቢያንስ ሦስት መልስ አለው። የቤንታምና የሚል ተከታዮች ውጤቱን ይመዝናሉ፤ ያለው ምግብ ብዙ ነፍስ የሚያተርፈው የመዳን ተስፋ ላላቸው ሲሰጥ ነው። ቅድሚያ ለባሰበት የሚሉት እጅግ የደከመውን ያስቀድማሉ። የካንትን መንገድ የሚከተሉ ደግሞ የአንዱ ሕፃን ነፍስ ከሌላው ጋር ሊመዛዘን አይገባም ብለው ዕጣ ማውጣትን ሊመርጡ ይችላሉ።

ነርሷ የሄደችው በመጀመሪያው መንገድ ነው፤ በዐይናቸው ጥቂት የሕይወት ብልጭታ የቀረላቸውን መረጠች። ምግብ የማያድነውን ማስገባት የሚድነውን ማስቀረት ስለነበር፣ ምክንያቷን መንቀፍ ይከብዳል። ሆኖም የጥፋተኝነት ስሜት ለዓመታት እንዳልለቀቃት በኋላ ተናግራለች። ትክክለኛ ውሳኔም ቢሆን በወሳኙ ኅሊና ላይ ዕዳ ጥሎ ያልፋል።

ሦስቱም ሚዛኖች ግን አንድ ነገር ሳይጠይቁ ይቀበላሉ፤ እርሱም ቁጥሩ ነው። ያ ቁጥር ከሰማይ የወረደ አልነበረም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለጋሾችን አስጠንቅቆ ነበር፤ ያገኘው ምላሽ ግን ከአደጋው ስፋት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ደርግ በበኩሉ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። ሰሜኑ በጦርነት ሲታመስም እህል በአማፅያን ይዞታ ሥር ወዳለው ሕዝብ በሰላም እንዲያልፍ አልፈቀደም። ዓለም የነቃው በጥቅምት፣ የማይክል በርክና የመሐመድ አሚን ዘገባ በቢቢሲ ከታየ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን አጣብቂኝ የሚመረምር ሁሉ ዐይኑን መጨረሻ ላይ በቆመው ሰው ላይ ብቻ ካሳረፈ፣ ከባዱን ጥያቄ አቅም በሌለው ትከሻ ላይ ይጭናል። ነርሷ ከተሰጣት ቁጥር ውስጥ መረጠች፤ ቁጥሩን የወሰኑት ግን ከመቀሌ ርቀው፣ በሙሉ ሆዳቸው ሌላ ጉዳይ ሲያስቀድሙ የነበሩ ናቸው። የሥነ ምግባር ሚዛኑ አስቀድሞ መቀመጥ የነበረበት በእነርሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። በመጋቢት በቂ እህል ተጭኖ ቢሆን ኖሮ፣ በጥቅምት ሳይመረጥ የሚቀር ሕፃን ባነሰ ነበር።