ሽቶ ለማይስማማው ሰው ሽቶ አመራረጥ

ሽቶ የማይስማማው ሰው ሁሉ አለርጂ አለበት ማለት አይደለም። ሽታው ብቻ ራስ ምታት የሚያስነሳበት አለ፤ ቆዳውን ሲነካው የሚያሳክከውና ሽፍታ የሚያወጣበትም አለ። የሁለተኛው ዓይነት አለርጂ መሆኑን የሚለየው የቆዳ ሐኪም ነው። የተጠረጠሩትን ንጥረ ነገሮች ጀርባ ላይ ለጥፎ ለ2 ቀን ያቆያቸዋል። አለርጂ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራልና የንጥረ ነገሩን ስም ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል።

እኔ ቆዳቸው ከሚቆጣው ወገን ስለሆንኩ ከዋጋው በፊት ጽሑፉን አነባለሁ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ 26 ንጥረ ነገሮች ከተወሰነ መጠን ካለፉ በስማቸው መጻፍ አለባቸው፤ በ2023 የወጣው ደንብ ቁጥሩን ከ80 በላይ አድርሶታል። በአሜሪካ ግን ሁሉም «ፍራግራንስ» በሚል አንድ ቃል ተጠቅልሎ ሲጻፍ ኖሯል።

በሳሙናና በቅባት ላይ «አንሴንትድ» የሚለው አያታልልዎ፤ ሌላ ሽታ ለመሸፈን ሽቶ ሊጨመርበት ይችላል። የሚፈልጉት «ፍራግራንስ ፍሪ» የሚለውን ነው። «ተፈጥሯዊ» ማለትም ዋስትና አይሆንም። የብርቱካን ልጣጭ ሊሞኒን፣ ላቬንደር ደግሞ ሊናሎል አላቸው፤ ሁለቱም አየር ሲያገኛቸው አለርጂ የማስነሳት ኃይላቸው ይጨምራል። ስለዚህ ትንሽ ጠርሙስ ገዝቶ ቶሎ መጨረስ ይሻላል።

ጽሑፉ ካላሰጋዎ ናሙና ይጠይቁ። ሽታው ብቻ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ወረቀት ላይ አስነክተው አንድ ቀን አብረውት ይዋሉ። ቆዳዎ የሚቆጣ ከሆነ ክንድዎ መታጠፊያ ላይ ጥቂት፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይሞክሩት። ካሳከከዎ ወዲያው ታጥበው ይተዉት።