ቦጋለች ገብሬ በከምባታ፦ በጎ አድራጎት ወይስ ፖለቲካ?

የኢትዮጵያ ሴቶች የፖለቲካ ታሪክ ሲጻፍ መነሻው ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1957 ተመርጠው ፓርላማ የገቡት ስንዱ ገብሩ ናቸው። መነሻው ተገቢ ነው። መለኪያው ወንበር ብቻ ሲሆን ግን የከምባታዋ ቦጋለች ገብሬ ከታሪኩ ውጭ ይቀራሉ። ዛቶ በተባለ የገጠር ቀበሌ የተወለዱት ቦጋለች፣ በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማን መሠረቱ፤ ስያሜው የከምባታ ሴቶች በአንድነት መቆማቸውን ይገልጻል። ስማቸው የሚነሣው የሴት ልጅ ግርዛትን በመታገላቸው ነው። እኔ ይህን ትግል ፖለቲካ የምለው፣ የማኅበረሰቡ ደንብ ሲወጣ ማን ይናገራል የሚለውን ስለለወጠ ነው።

ሥራው በስብከት አልተጀመረም። ነዋሪው አስቀድሞ የጠየቀው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ ነበር፤ ተሠራለት። ይህን እንደ መደለያ የሚያዩ አሉ፤ ዳሩ ግን ጥያቄን ሰምቶ በመመለስ አመኔታ ማግኘት የማንኛውም ውክልና መሠረት ነው። ቀጥሎ በመጣው የማኅበረሰብ ውይይት እናቶች በሽማግሌዎች ፊት ስለ ገዛ ገላቸው ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን በአደባባይ አሳውቃ ተዳረች። ያልተገረዘች ባል አታገኝም የሚለው ፍርሃት የልማዱ ዋና ምሰሶ ስለነበር፣ ያ ሠርግ ከብዙ ምክር ይልቅ ክብደት ነበረው። ለውጡን ያመጣው መንግሥት ያወጣው ሕግ ነው የሚል ሰው ቅደም ተከተሉን ይመልከት፦ ግርዛትን በግልጽ ወንጀል ያደረገው ሕግ የወጣው ከሠርጉ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሕጉ የጠቀመውም መሬቱ አስቀድሞ ስለለሰለሰ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ገንዘቡ የውጭ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ለጋሾቹ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ ነበሩ። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢያቸውን ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠሩ ሲያግድ፣ ጉዳዩ የሥልጣን ጉዳይ መሆኑን መንግሥት ራሱ መሰከረ። ቦጋለችን እ.ኤ.አ. በ2013 የሸለመው የቤልጂጉ የንጉሥ ቦዱዊን ፋውንዴሽን በከምባታ ልማዱ ከ100 ወደ 3 በመቶ ገደማ መውረዱን ገልጿል። ቁጥሩ ከአካባቢ አካባቢ ሊለያይ ይችላል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳምነኝ እድሮች ልጃቸውን የሚያስገርዙ አባላትን ለመቅጣት መስማማታቸው ነው፤ እድር በአባላቱ መዋጮ የሚተዳደር፣ ቀባሪ የማያሳጣ ተቋም ነውና፣ እንዲህ ያለውን ውሳኔ ለጋሽ በገንዘቡ ሊገዛው አይችልም።