የሎክሃርት ልኳንዳ፦ ጥብስ ቤት የሆነው ሥጋ ቤት

ከቴክሳስ ዋና ከተማ ከኦስቲን በስተደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሎክሃርት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። መሃል አደባባይዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ1894 የተሠራው የካልድዌል አውራጃ ፍርድ ቤት ከነሰዓት ማማው ቆሟል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከአደባባዩ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ በ1924 የተገነባ የጡብ ቤት አለ። ዛሬ ስሚቲስ ማርኬት ይባላል፤ ሰው ከሩቅ መኪና አስነስቶ የሚመጣው ባርቤኪው ሊበላበት ነው።

በኋላ በር የሚገባን ሰው ቀድሞ የሚቀበለው እሳት ነው። ፖስት ኦክ የሚባለው ዛፍ ግንድ ከምድጃው አፍ ላይ፣ ያለ ምንም መከለያ፣ በወለሉ ላይ ይነድዳል፤ ተሰላፊው በአጠገቡ ሲያልፍ ወላፈኑ ቅልጥሙን ይገርፈዋል። ምድጃው ወገብ የሚደርስ ረጅም የጡብ ግንብ ሲሆን፣ በላዩ ከባድ የብረት ክዳን አለው። በሌላኛው ጫፍ የቆመው ጢስ ማውጫ አየሩን ስለሚስበው ሙቀቱና ጢሱ በሥጋው ሥር ሾልከው ያልፋሉ። ማራገቢያ የለም፤ እሳቱን የሚያዘው ግንዱን የሚያስገባውና የሚያወጣው ሰው እጅ ነው። ግድግዳው ከዘመናት ጥላሸት የተነሳ ጠቁሯል።

ሥጋው የሚሸጠው በፓውንድ ተመዝኖ ነው። ቆራጩ ክዳኑን ከፍቶ ፍርምባውን ወይም ወርቹን ያወጣል፣ ቢላውን ያሳርፍበታል፣ በልኳንዳ ወረቀት ጠቅልሎ ያቀብላል። ከጎኑ ነጭ ዳቦ ወይም ጨዋማ ብስኩት ይጨመራል። ሳህንና ሹካ አይጠየቅም። መጠጥና ተጨማሪ ምግብ የሚሸጠው ማዶ ባለው የመመገቢያ ክፍል ነው። በኪሎ አስመዝኖ እዚያው መቀመጥ ለለመደ የአዲስ አበባ ሥጋ ቤት ደንበኛ ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም፤ ምክንያቱም ይህም ቤት ከመነሻው ልኳንዳ ነበር።

በ1875፣ የዛሬው ሕንጻ ከመሠራቱ በፊት፣ ጄሲ ስዌሪንገን የተባለ ሰው በከተማዋ ሥጋ መሸጥ ጀመረ፤ በ1900 ንግዱን ቻርልስ ክራይትስ ገዛው። በዚያ ዘመን ማቀዝቀዣ ያለው ሥጋ ሻጭ ማግኘት ዘበት ነበር። የቴክሳስ ሙቀት ሳይሸጥ ያደረ ሥጋን አይምርም። ከጀርመንና ከቼክ አገር የፈለሱ ሥጋ ሻጮች ደግሞ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ሙያ ነበራቸው፦ ጠንካራውን የፊት ብልት በጢስ ያበስሉታል፣ ቁርጥራጩን ፈጭተው ቋሊማ ይሞሉበታል። በወረቀት የተጠቀለለው ትኩስ ሥጋ በዚህ መንገድ ከጥሬው ጎን ለሽያጭ ቀረበ። ብስኩቱና ዳቦውም ከዚያው ሱቅ መደርደሪያ የሚወርዱ ነበሩ። የዛሬው ማዕድ ሥርዓት የመጣው ከሱቅ ዕቃ ነው።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ለእኔ ግን ዋናው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የባቡር ሐዲድ በ1887 ሎክሃርት ከገባ በኋላ አካባቢው ጥጥ በጥጥ ሆነ። በለቀማ ወቅት ጥቁርና ሜክሲኳዊ የቀን ሠራተኞች ከማሳ ወደ ከተማ ይመጡ ነበር። የዘር መድልዎ በነገሠበት በዚያ ዘመን በብዙ ምግብ ቤቶች ገብተው መቀመጥ አይፈቀድላቸውም ነበር። ልኳንዳው ግን ይሸጥላቸው ነበር። ትኩሱን ሥጋ በወረቀት ተቀብለው እዚያው ወይም ደጅ ቁጭ ብለው፣ በእጃቸው፣ በብስኩት እያጣጣሙ ይበሉታል። ሥጋ ሻጩ የምግብ ቤት ባለቤት የመሆን ሐሳብ አልነበረውም፤ ሱቁን መብሊያ ያደረጉት የተራቡ ደንበኞች ናቸው። ቆየት ብሎ አግዳሚ ወንበርና የጋራ ቢላ ተጨመረ፤ ቢላውም እንዳይወሰድ በሰንሰለት ይታሰር ነበር።

በጥብሱ ጥበብም ቢሆን ጀርመኖቹን ብቻ ማመስገን ፍትሐዊ አይደለም። በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ምድር ቆፍሮ፣ ፍም አንጥፎ፣ ሙሉ ሌሊት ሥጋ ሲያገላብጥ ያደረው በባርነት የተያዘው ጥቁር ሕዝብ ነው። ጁን 19 ቀን 1865 ነጻነቱ ቴክሳስ ላይ ከታወጀ ወዲህ በየዓመቱ በሚከበረው በዓልም ባርቤኪው ከማዕዱ አልጠፋም። የአውሮፓውያኑ ጢስ ቤትና የጥቁሮቹ የፍም ጉድጓድ በአንድ ምድጃ የተገናኙት እንደ ሎክሃርት ባሉ ከተሞች ነው።

ንግዱን በ1948 ኤድጋር ሽሚት፣ በቅጽል ስሙ ስሚቲ፣ ገዛው። ኋላ ላይ ድርጅቱን ወንዶች ልጆቹ ሲረከቡ፣ ሕንጻው ግን ለሴት ልጁ በውርስ ደረሳት። ስምና ቤት በተለያየ እጅ ገቡ። በ1999 በኪራይ ውል ሳይስማሙ ቀሩና ከወንድሞቹ አንዱ ድርጅቱ የሚጠራበትን የክራይትስን ስም ይዞ በዚያው ጎዳና ወደ ሰሜን ሄዶ ሰፊ አዲስ ጥብስ ቤት አሠራ። የሄደውም ከአሮጌው ምድጃ የተዛቀ ፍም በትልቅ የብረት ገንዳ መንገድ ለመንገድ አስጎትቶ ነው፤ አዲሱን ምድጃ የለኮሰው ያ ፍም ነው። እህትየው በአባቷ ቅጽል ስም ስሚቲስን እዚያው ከፈተች። ሎክሃርት የቴክሳስ የባርቤኪው መዲና ናት የሚለውን ውሳኔ የክልሉ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት ያሳለፈውም በዚያው ዓመት ነው።

ትክክለኛው ወራሽ ማን ነው የሚለው ክርክር የከተማው ሰው የዘወትር ጨዋታ ሆኗል። አንዱ ስሙንና ፍሙን ያነሳል፤ ሌላው ጥላሸት የጠጣውን ግድግዳ። እኔ ከቤቱ ጎን እቆማለሁ። ፍም በየቀኑ ሊለኮስ ይችላል፤ ጥጥ ለቃሚው ገንዘቡን ይዞ የቆመበት ባንኮኒ፣ ሥጋውን ይዞ የወጣበት ደጃፍ ግን ወደ ሌላ ስፍራ አይጎተትም። ደግሞም ሥጋውን በወረቀት ላይ፣ በጣት መብላት ዛሬ ቅዳሜን ሊያሳልፍ ከኦስቲን ለሚመጣው ጎብኚ የሚያስደስት ወግ ነው፤ ያኔ ግን ወንበር ለተከለከለ ሠራተኛ የቀረ ብቸኛ አማራጭ ነበር። ስለዚህ የሎክሃርት ጥብስ ታሪክ ሲነገር አጀማመሩ በ1900 ከተፈረመው ግዢ ይልቅ ከጥጥ ማሳው ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የሥጋ ሻጮቹ ስም በሰሌዳ ላይ ተጽፏል፣ የለቃሚዎቹን ግን ሰው እየጠራ ካላወሳቸው የሚያስታውሳቸው የለም።