የጨርጨር ነፍጥ እና የቀለህ ዕድሜ

ስለ ምዕራብ ሐረርጌ ያለፈ ዘመን የሚጽፍ ሰው ጠብመንጃን ሲያነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ብዛቱን ነው። ግብፆች ወደ ሐረር ስንት ረሚንግተን አስገቡ፣ ምኒልክ ስንት ውጅግራ ገዙ፣ በዚያው አገር በጨርጨር ላይ የሰፈረው ወታደር ስንት ነፍጥ ነበረው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ሲቀር ግን ያሳስታል። ከኋላ የሚጎርስ የጥቁር ባሩድ ጠብመንጃ፣ ይልቁንም ፈረሰኛ የሚይዘው አጭሩ ካራቢን፣ ጠብመንጃ የሚባለው የባሩዱን ጋዝ ወደ ፊት ብቻ መልቀቅ እስከቻለ ድረስ ነው። ጋዙ በኋላ በኩል ማምለጥ ከጀመረ ባለቤቱን የሚያስፈራ ብረት ይሆናል፤ መዝገብ ላይ ግን ያው አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ የጨርጨርን ነፍጥ ስንመዝን አገር ውስጥ የገባበትን ዓመት ብቻ ይዘን መሄድ የለብንም፤ ጋዙን ይዞ የቆየበትን ዕድሜም መጠየቅ ይገባናል ባይ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ውጅግራን መመልከት ይበቃል። ፈረንሳዮች በ1866 እ.ኤ.አ. የታጠቁት ሻስፖ የተባለው ጠብመንጃ ባሩዱ የሚጠቀለለው በወረቀት ስለነበር ጋዙን የሚያግድለት መዝጊያው ጫፍ ላይ የተሰካ የጎማ ቀለበት ነበር። ጎማው በእሳት እየተለበለበ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። በ1874 እ.ኤ.አ. ያው ጠብመንጃ ተሻሽሎ ግራ የተባለው ሲወጣ፣ እኛ ውጅግራ የምንለው ማለት ነው፣ የጎማው ሥራ ለናስ ቀለህ ተሰጠ። ባሩዱ ሲቀጣጠል ቀለሁ ይለጠጥና ከጎረሰበት ቱቦ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ጋዙም መሹለኪያ ያጣል። ግፊቱ ሲበርድ ቀለሁ ኮምተር ይልና ተስቦ ይወጣል። ጠብመንጃውን አስተማማኝ የሚያደርገው እንግዲህ ተተኩሶ መሬት የሚወድቀው ያ ቀጭን ናስ ነው። ናስ ደግሞ ያረጃል። ደጋግሞ በተለጠጠ ቁጥር ይደርቃል፤ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ካልታጠበለት ይበላዋል፤ አንገቱም ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ የመዝጊያው ብረት በጊዜ ብዛት ሲበላ ከቀለሁ ቂጥ ጋር ክፍተት ይፈጥራል፤ መደገፊያ ያጣው ቂጥም ይቀደዳል። ባሩዱን የሚለኩሰው ካፕሱል ከተበሳ ደግሞ እሳቱ መቺው መርፌ በሚያልፍባት ቀዳዳ አድርጎ ወደ ዓይን ይተፋል። በጥንካሬው የተመሰገነው ረሚንግተንም ቢሆን መዝጊያውና መዶሻው የሚዞሩባቸው ሁለት ወፋፍራም ሚስማሮች ሲላሉ ከዚህ አያመልጥም። ካራቢን ሲሆን ይብሳል፦ የውጅግራው ካራቢን የሚጎርሰው የረጅሙን ጠብመንጃ ጥይት ሆኖ ሳለ ክብደቱ ስለሚያንስ ግፊያው ይበረታል።

ጨርጨር የእነዚህ መሣሪያዎች መገናኛ ነበር። ከምሥራቅ በኩል፣ ራውፍ ፓሻ በ1868 ዓ.ም. ሐረርን ሲይዝ የግብፅ ጦር ረሚንግተኑን ይዞ መጣ፤ እስከ 1877 ዓ.ም. ድረስም እዚያው ቆየ። ከምዕራብ በኩል ደግሞ የምኒልክ ጦር በደጃዝማች ወልደ ገብርኤል መሪነት የኢቱ ኦሮሞን አገር ለማስገበር ዘመተ፤ በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ የሐረሩ አሚር የአብዱላሂ ጦር ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርቱር ራምቦ በታጁራ በኩል ያመጣውን መሣሪያ ለምኒልክ ሸጦ፣ ከተጓዡ ከዡል ቦሬሊ ጋር በገለምሶና በሂርና መንገድ ወደ ሐረር ወረደ። ራምቦ ለቤተሰቡ ሲጽፍ ስለ ሸቀጡ አልደበቀም፦ ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ፣ በካፕሱል የሚተኮሱ አሮጌ ጠብመንጃዎች ሲሆኑ አውሮፓ ውስጥ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛሉ፣ ሸዋ ላይ በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣሉ። የእኛ ሰው ናስ ማሰር የሚላቸው ከአፈሙዝ የሚጎርሱት ናቸው። ተንቀዋል፤ ነገር ግን በአንድ ነገር ከውጅግራ ይሻላሉ፦ ኋላቸው ድፍን ነው፣ ቀለህም አይፈልጉም። ካፕሱል እስከተገኘ ድረስ በአገር ባሩድና በእርሳስ ይኖራሉ። ውጅግራ ግን ያለ ቀለሁ አይኖርም።

ይህንን ገበያውም ያውቀው ነበር። የውጅግራ ጥይት በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ዝርዝር ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር፤ ባዶው ቀለህም አይጣልም፤ በአገር የባሩድ ጨው (ሳልትፒተር)፣ ድኝና ከሰል በተቀመመ ባሩድ እንደገና ይሞላል። ለእኔ ይህ አሠራር ሊከበር የሚገባው የእጅ ጥበብ ነው፤ ከውጭ ጥይት እንዳይገባ በተከለከለ ጊዜ ነፍጡን በሕይወት ያቆየው እርሱ ነውና። ክልከላውም እውነት ነበር፦ በ1890 እ.ኤ.አ. የብራስልሱ ስምምነት በሰፊው የአፍሪካ ክፍል ዘመናዊ ጠብመንጃና ጥይቱ እንዳይገባ ደንግጓል። ሆኖም አንድን ቀለህ ደጋግሞ መሙላት የጋዙን መሹለኪያ ደጋግሞ መክፈት ነው። ጥይት መቆጠብና ፊትን ማዳን በአንድ እጅ አይያዙም ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ ጨለንቆ ላይ የአሚሩ ወታደሮችም ከግብፅ የቀረ ረሚንግተን ይዘው ተሸነፉ፤ ስለዚህ የወሰነው የሰው ብዛት ነው የሚል ነው። ስለዚያ ቀን ከሆነ እስማማለሁ። የእኔ ጉዳይ ግን ከድሉ በኋላ ያለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ነው፤ ጋዝ የሚያፈስሰው አዲስ መሣሪያ ሳይሆን ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ነውና። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ትንሽ ጋዝ ቢያመልጥ ጥይቱ አሁንም ይገድላል፣ ውጊያውም የሚያልቀው በጦርና በጎራዴ ነው ይባላል። የእርሳሱ ፍጥነት በጥቂት መቀነሱ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ልክ ነው። የሚጎዳው ዓላሚው ነው። አንድ ጊዜ ጉንጩ የተለበለበ ሰው ቀጥሎ ሲተኩስ ፊቱን ያዞራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሰደፉን ከትከሻው ያርቃል። የውጭ ተጓዦች የኢትዮጵያ ወታደር ዓላማ አይመታም እያሉ ሲጽፉ ጥፋቱን በሰውየው ላይ ጫኑት። ከፊሉን የመሣሪያው መዝጊያ ሊሸከመው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ጉዳይ ጠንቅቆ ሊረዳ የሚችል ሰው በጨርጨር ገዥነት ተቀምጦ ነበር። አሰበ ተፈሪን (የዛሬዋን ጭሮ) የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የቀሰሙ ሰው ናቸው፤ የመድፍን ኋላ ከጋዝ መድፈን ደግሞ የሙያው አንዱ ጉዳይ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲመጣ ግን በ1874 እ.ኤ.አ. የተነደፈው ውጅግራ ገና በክተቱ ጦር ትከሻ ላይ ነበር፤ ስለዚያ ጦር የሚወጡት ቁጥሮችም ብዙውን ጊዜ አዲሱን ማውዘር ከእርሱ ሳይለዩ ይደምራሉ። ዛሬ በጭሮ፣ በበደሳም ሆነ በሂርና በቤተሰብ እጅ የቆየ፣ ወይም በሐረር ቤተ መዘክር የተሰቀለ አሮጌ ነፍጥ ሲመዘገብ ስሙንና ቁጥሩን ጽፎ ማለፍ አይበቃም። በመዝጊያውና በቀለሁ ቂጥ መካከል ያለው ክፍተት ይለካ፤ የመርፌው ቀዳዳ በእሳት መበላት አለመበላቱ ይታይ፤ አብሮት የተገኘ ቀለህ ካለ ስንጥቁ ሳይጠገንና ሳይወለወል እንዳለ ይቀመጥ።